መሪው ይርገፈገፍብኛል፤ ዳምፐሩን የት ልሰረው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲያትል ነው። 650 ሲሲ አሮጌ ኡራል ሞተርሳይክል ከነሳይድካሩ (ጎኑ ላይ ከሚታሰረው ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ ጋር) ገዝቻለሁ። ልጄ ጎኔ ቁጭ ብላ ስትሄድ ደስታዋን አትጠይቁኝ።

ችግሩ መሪው ነው። በሰዓት ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ስነዳ፣ በተለይ ጋዝ ስቀንስ፣ ግራ ቀኝ ይርገፈገፋል። ከዚያ ሲያልፍ ይተወዋል። የጎማውን ንፋስ፣ የመሪውን ኩሽኔታ፣ የሳይድካሩን ጎማ አቅጣጫ አይቻለሁ፤ ደህና ናቸው። መሪው አናት ላይ ያለውን ማጥበቂያ ሳጠብቀው መርገፍገፉ ይቆማል፤ ግን ኩርባ ላይ ክንዴ እስኪዝል መታገል ነው።

ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያደርጉት የቮልስዋገን ቢትል መኪና የመሪ ዳምፐር (እንደ አሞርቲዘር እየተሳበና እየገባ የመሪውን መርገፍገፍ የሚያበርድ ዘንግ) ገዛሁ። አንዱን ጫፍ ታችኛው የፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዘው እግር) መያዣ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ሻሲ ላይ በክላምፕ አሰርኩ። መሪው ቀጥ ሲል ዳምፐሩ ግማሹ ላይ ነው። ወደ ቀኝ ሳዞር ሸጋ ነው። ወደ ግራ ሙሉ ሳዞር ግን መሪው ማቆሚያው ጋ ሳይደርስ የዳምፐሩ ዘንግ ያልቃል። እንዲህ ሆኖ መንዳት አደጋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ። ማሰሪያውን ወደ መሪው እምብርት ባስጠጋው ዘንጉ ይበቃል፣ ጉልበቱ ግን ይደክማል።

ሁለተኛውን ጫፍ ሳይድካሩ ሻሲ ላይ ያሰረ አለ? በምን ያህል ማዕዘን? ብየዳ አልፈልግም፣ የድሮ ሻሲ መበየድ ያስፈራኛል። ፎቶ ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ። ልጅቷ በየቀኑ «መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ፈጀችኝ።