የ69 ማስታንግ ማክ 1፦ እንደ ፋብሪካው ልመልሰው ወይስ ሞተር ልቀይርለት?

የጭነት ልጅ (ቨርጂኒያ)
ሰላም ቤተሰብ፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማስታንግ ሲባል ልቤ ይጠፋል፣ ባለፈው ወር ደግሞ ሰፈራችን ካሉ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ የ1969 ማክ 1 ገዛሁ። ሰውየው ከ20 ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ አቁመውት ኮፈኑ ላይ የገና ዛፍ ካርቶን ደርድረውበት ነበር። ሞተሩ 351 (መጠኑ በኪዩቢክ ኢንች ነው) ባለ ሁለት አፍ ካርቡራተር፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ፣ የፊት ፍሬኑም ታምቡር ነው። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ግን ካንዴላ ቀይረን ከኔ መኪና ኬብል አያይዘን ካርቡራተሩ አፍ ላይ በሃይላንድ ክዳን ንጹህ ቤንዚን ጠብ ስናደርግለት ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ እኮ!! ሰውየው በረንዳቸው ላይ ቆመው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ፣ እኔም ዞር አልኩ።

አሁን ችግሬ ይሄ ነው። ጓደኛዬ "ያንን አሮጌ ሞተር ጣልና ፎርድ ከ2011 ጀምሮ ማስታንግ ላይ የሚገጥመውን 5.0 ካዮቲ ክተትበት፣ ባለ 6 ማርሽ፣ ኤሲ፣ ዲስክ ፍሬን፣ ከዛ ጠዋት ቁልፍ ዞር አድርገህ ሥራ መሄድ ነው" ይላል። የማውቀው መካኒክ ደግሞ "እስከ ብሎኑ እንደ ፋብሪካው፣ ከነካካኸው አላውቅህም" ይላል። ብሬ ለአንዱም ከበቃ ነው። ቀለሙ ቀይ ነው ግን የኋላውን ክዳን ጎማ ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ብቅ አለ። ምን ትላላችሁ? ሚስቴ የመኪናውን ዋጋ እስካሁን ግማሹን ነው የምታውቀው፣ እሱን ለብቻው ጸልዩልኝ።

ባትላሜራው (ሜሪላንድ)
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እዚህ የቦዲ ሥራ ስሠራ 17 ዓመቴ ነው ስለዚህ ከላሜራ ልጀምርልህ፣ ሞተር ቀለም ቸርኬ ሁሉ ይቆይ። ይቺ መኪና ከፊት መስታወቱ ሥር አየር የምታስገባበት ወንፊት አላት፣ ዝናቡም በዛው ይገባና በጎን በኩል መውጣት አለበት፣ ቅጠል ተጠራቅሞ ውስጡ ከዛገ ግን ውሃው እግርህ ሥር ነው የሚወርደው። ይሄ ቦታ ከላይ አይታይም፣ ላሜራው በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ለመክፈት ነጥቡን አንድ በአንድ በድሪል መፍታት ነው። እንዲህ አድርግ፣ ምንጣፉን አንሳ፣ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይተኛ፣ አንተ በጎማ ውሃ ቀስ እያልክ ልቀቅበት፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ። ከዛ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ በሩ ሥርና የኋላ ጎማው ዙሪያ አስኪደው፣ አልይዝ ካለህ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ካዮቲውን በተመለከተ ጓደኛህ ያልነገረህ ነገር አለ። የ69 ሞተር ክፍል ግራና ቀኙ ላይ ሾክ ታወር የሚባል ጉብ ያለ ላሜራ አለ፣ ሞላውና ሾኩ እሱ ላይ ነው የሚያርፉት። ካዮቲ ደግሞ አራት ካምሻፍት ከላይ ስለተሸከመ አናቱ ሰፊ ነው፣ እሱን ለማስገባት ብዙ ሰው ታወሩን ቆርጦ የፊቱን እግር በሙሉ በሌላ ይቀይራል። የወረደ ሞተር ጥግ ላይ ሸራ አልብሰህ 10 ዓመት ታስቀምጠዋለህ፣ የተቆረጠ ታወር ግን ማን ይመልስልሃል? የሻንሲ ቁጥሩም የተመታው እዛው አጠገብ ያለው የፌንደር የውስጥ ላሜራ ላይ ነው፣ ግራይንደር የሚይዘውን ሰው ምረጥ። ደሞ ቨርጂኒያ ውስጥ አንቲክ ሰሌዳ (ለአሮጌ መኪና የሚሰጠውን ልዩ ሰሌዳ) ካወጣህለት የየቀን ሥራ መመላለሻ አታደርገውም፣ የጓደኛህ "ጠዋት ቁልፍ ዞር" እዛው ጋ ቆመ።

ፈጣኑ (ዳላስ)
ኧረ በናታችሁ ሰውየውን የሙዚየም ዘበኛ አታድርጉት! በ1969 ብቻ ከ72 ሺህ በላይ ማክ 1 ነው የተሠራው። ያንተ ትልቁ ሞተር፣ 428 ኮብራ ጄት ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ መፍቻውን ከእጅህ እቀማህ ነበር፣ ባለ ሁለት አፍ 351 ግን ከሁሉም ዝቅ ያለው ነው። 250 ፈረስ ጉልበት የሚሉትን አትመን፣ ያ የድሮ አለካክ ነው፣ ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ ያለ ማርሚታ ምናምን የተለካ፣ ፋብሪካዎቹ ወደ እውነተኛው የዞሩት በ1972 ነው። 301 ፈረስ ያለው ካምሪ ቪ6 መብራት ላይ ጥሎህ ይሄዳል፣ እናትዬ ገበያ የምትሄድበት ካምሪ!

እኔ የ68 አለኝ፣ በሳምንት ሶስቴ እነዳዋለሁ። የፊቱን ዲስክ ፍሬን አደረግኩ፣ ካምቢዮውን ባለ 5 ማርሽ፣ ፑንቲናውን አውጥቼ ኤሌክትሮኒክ አስገባሁ (ክዳኑ ሥር ስለሚደበቅ ማንም አያይብህም)፣ ራዲያል ጎማ። አንድ የሚቆጨኝ ነገር ብቻ አለ፣ ለአዲስ ሬዲዮ ብዬ ዳሽቦርዱን በመጋዝ ሰፋ አደረግኩት። ሬዲዮው በሁለት ዓመቱ ሞተ፣ ቀዳዳው ግን አሁንም አለ።

ባትላሜራው (ሜሪላንድ)
@ፈጣኑ መጨረሻ ላይ ያልካትን መጀመሪያ ብትላት ኖሮ አንጨቃጨቅም ነበር። ጠያቂ፣ ሻንሲ ቁጥሩ ላይ አምስተኛዋን ፊደል እይ፣ ኤች ከሆነ ባለ ሁለት አፍ 351 ነው፣ ኤም ከሆነ ባለ አራት አፍ። ከዛ የማርቲ ሪፖርት እዘዝ፣ ከፎርድ መዝገብ ነው የሚያወጡት፣ ቀለሙንም ካምቢዮውንም ይነግርሃል። ሞተሩ ጀርባ ላይ የተመታው ቁጥር ከሻንሲው መጨረሻ ጋር ከገጠመ ሞተሩ የራሱ ነው፣ ማቺንግ ነምበር የሚባለው እሱ ነው።

የቮልስ ልጅ (አዲስ አበባ)
ሃሃ እናንተ ማቺንግ ነምበር የምትሉትን እኛን የሚያስጠብቀን ሊብሬው ነው፣ ሞተር ቁጥርና ሻንሲ ካልገጠመ ቦሎ ስትሄድ ታያታለህ። በኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለቀረ ያለችንን ነው የምናስታምመው። የአባቴን የ1967 ቮልስ ሰርፕራይዝ ላድርገው ብዬ መሪዋን በትንሽ ስፖርት መሪ፣ ወንበሯን በቆዳ፣ ክሬም ቀለሟን በጥቁር ቀየርኩለት። ጋሼ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ እጃቸው የድሮውን ትልቁን መሪ ፈልጎ አየር ላይ ቀረ። "የማን መኪና ነው?" አሉኝ። መሪውን ማታውኑ መለስኩ፣ ቀለሙን ግን እስካሁን አልቻልኩም። እኒያ ሽማግሌ ሰፈርህ ከሆኑ አንድ ቀን ልንዳ ማለታቸው አይቀርም፣ እሱንም አስብበት።

የጭነት ልጅ (ቨርጂኒያ)
ቤተሰብ ተመለስኩ። ፊደሏ ኤች ናት። በሩ ላይ ያለው ታርጋ 63ሲ ይላል ማክ 1 መሆኑ ነው፣ ቀለሙ ሲ፣ ብላክ ጄድ፣ ያ ያየሁት ጥቁር አረንጓዴ። የሞተሩም ቁጥር ገጠመ፣ ቆሻሻውን ጠርጌ በስልክ ካሜራ ነው ያነበብኩት። ከዛ ልጄን የእጅ ባትሪ አስይዤ ውስጥ አስተኛሁትና ውሃውን ለቀቅኩ። በቀኝ ምንም። በግራ ትንሽ ቆየና "አባዬ መጣ!" አለ፣ ሮጬ ሳይ ፍሬን ፔዳሉ ላይ ከጀበና እንደሚቀዳ ቡና በቀጭኑ እየወረደ ነው። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ "ለዚህ ቀዳዳ ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልከው?" አለችኝ፣ ያን ሁሉ ስትል ሙሉውን አውቃዋለች ማለት ነው፣ የባንኩን ወረቀት አግኝታዋለች።

ስለዚህ ካዮቲው ቀረ፣ ብሩ ወደ ላሜራ ሄደ። ዲስክ ፍሬኑን ግን አደርገዋለሁ፣ የድሮውን ታምቡር ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ። አረንጓዴውን ገና አልወሰንኩም፣ ልጄ ቀዩን ይወደዋል። ባትላሜራው፣ ሥራውን ትይዝልኛለህ? ለመምጣት ሞተሩን ላውርድ?

ባትላሜራው (ሜሪላንድ)
እይዝልሃለሁ። ሞተሩ ይቀመጥ፣ የሚወልቁት ኮፈኑ፣ ሁለቱ ፌንደርና የፊት መስታወቱ ናቸው። መስታወቱን ለኔ ተወው፣ ሌላውን ራስህ ፈተህ በጭነት መኪና አምጣው ዋጋ እቀንስልሃለሁ። ብሎኖቹን በየፌስታሉ ለይተህ የየት እንደሆኑ ጻፍባቸው። "ልዩ ልዩ" የሚል ፌስታል ይዘህ እንዳትመጣ።