በሳይክል ስራ የምትሄዱ በስንት ትነዳላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሲኤምሲ መገናኛ በሳይክል ነው ስራ የምሄደው፣ ዳር ዳሩን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ስሄድ ሚኒባሶቹ እየተጠጉ ያልፉኛል፣ በ30 ስነዳ ደሞ ከመኪናው ጋር እኩል እሄዳለሁ ግን ድንገት በር ቢከፈት ፍሬን አይደርስልኝም ብዬ እፈራለሁ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ እንደቦታው ነው። በ30 ስትነዳ በሰከንድ 8 ሜትር ከምናምን ትሄዳለህ፣ ደንግጠህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ ገና ሳትይዝ 8 ሜትሩ አለቀ ማለት ነው። የቆሙ መኪኖች ባሉበት 15 ይበቃሃል፣ ከበሩም አንድ ሜትር ራቅ።

መልስ፦ እኔ የምለው ጠርዙ ላይ አትለጠፍ! ሾፌሩ ቦታ ያለ ይመስለውና ይገባብሃል፣ ጉድጓድ ሲመጣም መሸሻ የለህም። የቆመ ታክሲን ደሞ በቀኝ በኩል በፍጹም እንዳታልፍ፣ ሰው የሚወርደው በዛ ነው። እኔ እንደዛ ሳልፍ አንዲት እናት ልገጭ ለጥቂት ነው የተረፍነው፣ እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

መልስ፦ ዝናብ ከሆነ ከዛም ቀንስ፣ የቸርኬውን ጠርዝ የሚይዘው ፍሬን ሲረጥብ ቶሎ አይዝም

ጠያቂው፦ ተባረኩ፣ የፊት ፍሬኔ ላልቷል ዛሬውኑ አሰራዋለሁ።