ፍላክ የተባለው ፋይል እውነት ፍላክ ነው? የካሴት ቅጂ ላይ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳግም ያልታተመ፣ በሲዲም ያልወጣ ካሴት አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የተለቀቀ ቅጂ ብቻ ነው። ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ይበሉት እንጂ ስፔክትረሙን (ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ የሚያሳየውን ሥዕል) ሳየው ድምፁ 16 ኪሎኸርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ያልቃል። ካሴት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ስለዚህ ኤምፒስሪ (ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ የሚቀንስ ዓይነት) ተገልብጦ የተሠራ ይመስለኛል። (ይሄ ነው እንግዲህ «ከማስተር (ከዋናው የስቱዲዮ ቅጂ) የተቀዳ» ተብሎ የሚዞረው!)

የራሴን በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ እየቀዳሁ ነው። ሳይድ ኤ ጥሩ ነው፤ ሳይድ ቢ ግን ታፍኖ ይሰማል። የማጫወቻው ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ማዕዘን ከቴፑ ጋር ስላልገጠመ ይሆን? ማዕዘኑን የምታስተካክለውን ብሎን ለእያንዳንዱ ሳይድ ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል? ወደ ቦታዋ መመለስ እንዳያቅተኝ ፈርቼ አልነካኋትም።

ሌላው፣ ባለመብቱን ላገኘው አልቻልኩም። ቅጂዬን ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ ቅጂ ለቤተ መዛግብት ሰጥቶ የሚያውቅ አለ?