ልጄ ዶቃ አፍንጫው ውስጥ ከቶ አልወጣ አለኝ

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ3 ዓመት ልጄ ዶቃ አፍንጫው ውስጥ ከቷል፤ በቀኙ በኩል። መብራት ሳበራበት ክብ ነገር ይታየኛል። አይደማም፣ ትንፋሹም ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው። ወረንጦ አለኝ። ልሞክር ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰደው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

አባ ቢኒ፦
አይዞሽ እህቴ። የሚያስነጥስ ነገር አሽትቺው፤ ሲያስነጥስ ይወጣል።

ነርሷ፦
ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። እህቴ፣ በእናትሽ ወረንጦውን አስቀምጪው። ዶቃ ያሙለጨልጫል፤ ጫፉ ሲነካው ሸርተት ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጁ ይታገላል፣ ይደማል፣ ያብጣል። በመጀመሪያው ደቂቃ በቀላሉ ይወጣ የነበረው ነገር ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ይሆናል። ማስነጠሱም ይቅር። ልጅ ከማስነጠሱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዶቃውም አብሮ ሊሳብ ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ዶቃ መሆኑን በምን አወቅሽ? ቤት ውስጥ የጠፋ የሰዓት ወይም የሪሞት ክብ ባትሪ የለም? ይሄን ደጋግሜ የምጠይቀው በምክንያት ነው። ባትሪ እርጥብ ሥጋ ሲነካ ማቃጠል ይጀምራል። በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ልጁ ስላላለቀሰ ደህና ነው ማለት አይደለም። ባትሪ ከሆነ ወይም ከተጠራጠርሽ ውሃም ጠብታም አታድርጊበት፤ አሁኑኑ ውሰጅው። ማግኔትም እንደዚያው ነው።

ዶቃ ለመሆኑ እርግጠኛ ከሆንሽ ግን ቤት የሚሞከር አንድ ነገር አለ። ጭንሽ ላይ አስቀምጪውና ‹ልስምህ ነው› በይው፣ እንዳይደነግጥ። ባዶውን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣትሽ ዝጊ። አፍሽን አፉ ላይ ግጥም አድርገሽ መጀመሪያ በቀስታ ንፊ። አየሩ አልገባ ሲልሽ አጠር፣ ጠንከር አድርገሽ እፍ በይበት። አየሩ ከኋላ ዞሮ ዶቃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከ10 ልጆች በ6ቱ ገደማ ይሠራል። አንድ ሁለቴ ሞክረሽ እምቢ ካለ ተይው፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ዶቃው ነው፤ የተበጠሰውን አምባር አግኝቼ ቆጠርኩት፣ አንድ ጎድሏል። እንዳልሽኝ ነፋሁ። ወደ ታች ወረደ እንጂ አልወጣም። እየሄድን ነው።

ነርሷ፦
ጎበዝ። በጀርባው አታስተኚው፣ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ማደንዘዣ ቢያስፈልግ እንዳያስቸግር ምግብና መጠጥ አትስጪው። ማሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ዶቃው ወደ አየር ቧንቧ ሄዶ ሊሆን ይችላልና ሳትዘገዪ ተናገሪ። ከአምባሩም አንድ ዶቃ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ መጠኑን ሲያይ መሣሪያውን ይመርጣል።

ሰሚራ፦
እኔም ልጠይቅ። የኔዋ ጆሮዋ ውስጥ አተር ከታለች። በውሃ ባጥበውስ?

ነርሷ፦
ሰሚርዬ፣ ውሃ አታስነኪው! አተር ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ይቀረቀራል። በጥጥ እንጨትም አትነካኪው። ሐኪም ጋ ውሰጃት። ስትደርሱ ሌላኛውን ጆሮዋንና አፍንጫዋን ጭምር እንዲያዩላት ጠይቂ፤ አንዱ ጋ የከተተ ልጅ ሌላው ጋ ደብቆ ብዙ ጊዜ አግኝተናል።