ክርክር፦ «አቤል» ወይስ «ኤብል»? ውጭ አገር ለሚወለድ ልጅ ስም ስናወጣ

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ወንድ ነው ብለውናል። እኔና ባለቤቴ «አቤል» እንዲባል ተስማምተናል፤ አጻጻፉ ላይ ግን አልተስማማንም። እሱ እንደ ሁሉም ሰው በኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤል ይጻፍ ይላል። እንደዚያ ከተጻፈ እዚህ ነርሱም አስተማሪውም «ኤብል» ነው የሚለው። እኔ ልጄ አቤል እንዲባል ነው የምፈልገው፤ ለዚህ ስል ኢዋን ደርቤም ቢሆን እጽፋለሁ። እህቴ ደግሞ «ለምን የማያጨቃጭቅ ስም አታወጡም?» ትላለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች አባት (ቶሮንቶ)፦
እህቴ፣ በሰላም ይገላግልሽ። እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። እዚሁ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ በእንግሊዝኛ «ኤብል» ነው የሚባለው፤ ስሙ ግን አልጠፋበትም። ቤት አቤል፣ ውጭ ኤብል ይባል። ልጆች ሁለቱንም ይለምዱታል። ኢዋን ከደረብሽው ደግሞ «አቢል» ይሉልሻል፤ ከሁለቱም ያጣ ይሆናል።

እናት (ሲያትል)፦
«ቤት እንዲህ፣ ውጭ እንዲያ» የሚለውን አልቀበልም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ የውጭ ተንታኞች «ገብረሥላሴ» እያሉ አባቱን ነበር የሚጠሩት። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው የአባት ነው፣ ሦስተኛው የአያት። ልጁ የእኔ የሚለው ያንን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱንም ቀኑን ሙሉ በተሳሳተ አጠራር ከሰማው ምን ቀረለት?

እትዬ (አትላንታ)፦
ልጆቼ፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፤ የክርስትና ስሙን ማንም አያበላሽበትም። ለትምህርት ቤቱ የሚቀል አውጡለትና ተገላገሉ።

እናት (ሲያትል)፦
እትዬ፣ በክርስትና ስሙ እኮ የሚጠራው ቄሱ ነው። አስተማሪው በዚያ አይጠራውም።

መምህር (ባሕር ዳር)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ የእንግሊዝኛ ፊደል ከዳን፣ የራሳችን ግን ሁሉን ይነግረናል የምትሉ ይመስላል። የእኛም ፊደል ሁሉን አይነግርም። «ገና አልመጣም» ስንል «ና» ይላላል፤ በዓሉን «ገና» ስንል ይጠብቃል። ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። የሚጠብቀውን ለማሳየት ከፊደሉ ላይ ነጥብ የሚያደርጉት የሰዋስው መጻሕፍትና አንዳንድ መዝገበ ቃላት ናቸው፤ ሌላው ሰው በልማድ ነው የሚያነበው። ታደሰን ውሰዱ፤ የሚጠብቀው «ደ» ነው። በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ግን ብዙዎች የሚደርቡት ኤስን ነው። ባለስሞቹ በዚህ ምክንያት ስማቸው ተለውጦባቸዋል? አልተለወጠም፤ የሚያውቃቸው ሰው በትክክል ይጠራቸዋል።

ጌታቸው «ጄታቹ»፣ ሕይወት «ሃይዎት»፣ ጽዮን «ዛዮን» ሲባሉ ሰምቻለሁ። ለእያንዳንዱ ፈረንጅ አፍ አጻጻፍ ስንቀይር ብንውል መጨረሻ የለውም፤ እንግሊዝኛ ራሱ አንዱን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚያነብ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አጻጻፉ የተለመደው ይሁን፤ አጠራሩን ወላጅ በአፉ ያስተምር። በእኔ በኩል የሚያዋጣው ይኸው ነው።

ሥራ ቀጣሪ (ዴንቨር)፦
እዚህ አገር ስም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 ገደማ የፈጠራ ሲቪ ልኮ፣ የነጭ የሚመስል ስም ያለባቸው የጥቁር የሚመስል ስም ካለባቸው 50 በመቶ ያህል የበለጠ ለቃለ መጠይቅ እንደተጠሩ አሳይቷል። ልጁ ነገ ሥራ ይፈልጋል። የምናወጣለት ስም የእኛን ናፍቆት ማስታገሻ ብቻ መሆን የለበትም።

እናት (ሲያትል)፦
ያን ጥናት አውቀዋለሁ። በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት ስሞች ላኪሻና ጀማል ይገኙበታል። ላኪሻን ማንበብ የሚያቅተው አሜሪካዊ ማን ነው? ችግሩ የዘር አድልዎ ነበር። ልጁ ኤብል ቢባልም ጥቁር መሆኑ አይቀርም።

ከነታንያ (እስራኤል)፦
እኔ እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነኝ፤ ሕፃን ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስገባ «ስምሽ ለልጆቹ ይከብዳል» ተባለና የዕብራይስጥ ስም ተሰጠኝ። አባቴን የጠየቀው አልነበረም። መታወቂያዬ ላይ ያለው ያ ስም ነው፤ እናቴ ግን አንድም ቀን በእሱ ጠርታኝ አታውቅም። «አቤል»ን «ኤብል» ማለት ከዚህ ጋር እኩል ነው አልልም። ግን «ለነሱ ይቅለላቸው» የሚለውን ነገር ስሰማ ያመኛል። ለልጄ ያወጣሁት ስም ለአስተማሪዎቹ የሚከብድ ነው፤ መጀመሪያ ያደናቅፋቸዋል፣ ከዚያ ይሉታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? መልአኩ የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ አያማክርም።

የሁለት ልጆች አባት (ቶሮንቶ)፦
እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው። አንቺን ስም ነጠቁሽ፤ እዚህ ግን የምናወራው ወላጅ ወድዶ ስለሚያደርገው ነው። የኔ ልጆች በሁለቱም ሲጠሩ አቤት ይላሉ፤ ሲከፋቸው አላየሁም።

ፓራሊጋል፣ የጠበቃ ረዳት (ሎስ አንጀለስ)፦
ኢዋ ላይ እንደ ፈረንሳይኛ ጭረት ማድረግ ያሰበ ካለ ይጠንቀቅ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀት የሚቀበለው 26ቱን ፊደላት ብቻ ነበር። ጭረትና ነጥብ እንዲፈቀድ የቀረበውን ረቂቅ ሕግ የዚያን ጊዜው አገረ ገዢ ጄሪ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2017 አልፈርምም ብለው መልሰውታል። የሜሪላንድን እዚያው ጠይቂ። ሆስፒታል የምትሞይው ቅጽ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ማኅበራዊ ዋስትና) ቁጥሩም መነሻ ስለሚሆን፣ አጻጻፉን ምጥ ሳይመጣ ጨርሱት። በኋላ መቀየር ወጪም ድካምም አለው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «አቢል» የምትለዋን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ኢዋን መደረቡን ትቼዋለሁ። አጻጻፉ እንደ ባለቤቴ ይሁን። አጠራሩን ግን አልለቅም፤ ከአዋላጇ ጀምሮ አቤል ነው የሚባለው። የቶሮንቶው ወንድሜ፣ አልተስማማንም። ልጅ የሕፃናት መዋያ ያስገባችሁ እስቲ ንገሩኝ፦ ለአስተማሪዎቹ እንዴት አስረዳችኋቸው?

እናት (ሲያትል)፦
መመዝገቢያው ላይ ከስሙ አጠገብ አነባበቡን በእንግሊዝኛ ፊደል ከፋፍለሽ ጻፊ፤ ክብደቱ የሚያርፍበትን በትልልቁ ፊደል አድርጊው። መጀመሪያ ቀን ደግሞ አስተማሪዋን አፍ አውጥታ እንድትደግመው ጠይቂያት። አንዳንዷ ታፍራለች፤ አንቺ አትፈሪ።