እማዬ ጡቷን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት 9 ቀን ቀረ፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ፣ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ — የደብረ ብርሃን ልጅ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። እናቴ 56 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት መኖሩን ካወቀች ከስድስት ወር በላይ ሆኗታል፤ ስላላመማት ለማንም ሳትናገር ቆየች። ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን፣ አሁን ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሙ ጡቱ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሳ፣ የብብቷ ንፍፊቶችም አብረው እንደሚወጡ ነግሮናል። ሌላውን በዚያ ግርግር ውስጥ መጠየቅ አልቻልኩም።

ሆስፒታል አድሬ አላውቅም። ምን ይዤ ልግባ? ምን ልጠይቅ? ቤት ከተመለስን በኋላስ? እማዬ ስኳር አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች። ከሁሉ የጨነቀኝ ግን አክስቴ ናት። «ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል» እያለች እናቴን አስፈራርታታለች። ትናንት ማታ እማዬ መብራት ካጠፋን በኋላ «ቢቀርስ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ — ነርሷ

እህቴ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ከአክስትሽ ልጀምር። አትቆጪያቸው። ሰው ይህን የሚለው አይቶ ነው፤ ጎረቤቱ ኦፕራሲዮን ሆና በዓመቱ ስትሞት አይቷል። ያላየው ግን ያቺ ሴት ሐኪም ዘንድ ስትደርስ በሽታው አስቀድሞ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ መሄዱን ነው። የበተነው ቢላው ሳይሆን መዘግየቱ ነው። እናትሽ አሁንም ዕድል አላቸው፣ «ቢቀርስ» የሚለውን ዕድል ግን አትስጫቸው። ጸበል መጠመቅ ከፈለጉም ከሕክምናው ጋር ማጣላት አያስፈልግም። ከቀጠሮው በፊት ይጠመቁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ቱቦው ወጥቶ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ በገላቸው ላይ ውሃ አይፍሰስ።

ስኳሩ ዋና ጉዳይ ነው። ከፍ ካለ ቀጠሮው ሊራዘም ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ከዛሬ ጀምረሽ በየጠዋቱ አስለኪና በደብተር ጻፊ። የስኳር ኪኒኑን በዚያ ቀን ጠዋት ይውሰዱ አይውሰዱ የሚለውን ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይወስን፤ በራሳችሁ አታቋርጡ። አስፒሪን፣ የደም ማቅጠኛ፣ በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት ወይም የባህል መድኃኒት ካለ ሳትደብቂ ንገሪ፤ የደም መፍሰስን የሚያበዙ አሉባቸው። ከምግብ መከልከል ብዙውን ጊዜ ከማደንዘዣው በፊት ለ6 ሰዓት ያህል ነው፣ ከውሃ ለ2 ሰዓት፤ ግን ክፍሉ የሚነግርሽን ያዢ። ደም የሚተካ ሰው ሊጠየቅ ስለሚችል ሁለት ጤነኛ ዘመድ ከወዲሁ አስማሚ።

መልስ — በ2012 የዳንኩት

እኔም ልክ እንደ እናትሽ ግራዬን ነው። ስለ ልብስ ልንገርሽ፤ ለሌላው ጉዳይ ብዙ ሰው አለ። በራስ የሚጠለቅ ልብስ እንዳትይዢ። እጅሽ አይነሳም። እኔ የባለቤቴን የቆዩ ሸሚዞች ነው ይዤ የገባሁት፣ ከፊት በቁልፍ የሚከፈቱትን፤ ቁስሉን ሊያዩ ሲመጡ ሦስት ቁልፍ ፈትቼ እጨርሳለሁ። ሰፊ ቢሆኑ ይሻላል፣ ስስ ጥጥ ቢሆኑ ይበልጥ።

ከቁስሉ ጎን ቱቦ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ፈሳሹን የሚጠራቅም ዕቃ አለ። ያ ዕቃ ተንጠልጥሎ ቱቦውን ሲጎትተው የሚያመው ሕመም ከቁስሉ ይብሳል። እህቴ ከአሮጌ ነጠላ ላይ ቀዳ ኪስ ሰፋችልኝና ክር አበጅታ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው። ስተኛ ከጎኔ፣ ስነሳ ከአንገቴ። ሌላም አንድ ነገር፦ ትንሽ ለስላሳ ትራስ ያዢ። በብብትና በክንድ መሀል ትገባለች፣ መኪና ውስጥም ቀበቶው እንዳይነካቸው ትረዳለች። ከደብረ ብርሃን የምትመላለሱ ከሆነ መንገዱ ላይ ታስፈልግሻለች። ነጠላ ጫማ፣ ሶፍት፣ የሚጠጡበት ቱቦ፣ ኩባያ፣ ብርድ ልብስ፣ የስልክ ቻርጀር። ለአንቺም ለወገብሽ ምንጣፍ።

«ቢቀርስ» ስላለችሽ፦ እኔም ብያለሁ። ልጄ ምንም አልመለሰችልኝም፣ መጥታ አጠገቤ ተኛች።

መልስ — ባለቤቱን ያስታመመ

ሰላም። ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የወጣው አካል በፈሳሽ ዕቃ ተደርጎ ለአስታማሚ ሊሰጥና «ላብራቶሪ አድርሺ» ሊባል ይችላል። ለእኔ ተሰጥቶኛል። በደንብ የተዘጋ መሆኑን፣ ስምና የካርድ ቁጥሩ ላዩ ላይ መጻፉን፣ ፎርማሊኑ (እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ) እንደሸፈነው አይተሽ ተቀበይ፤ ሳትዘገዪ አድርሺ፣ ደረሰኙን ያዢ።

የፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም የወጣው አካል ምርመራ፣ ሲወጣ የሆርሞን ምርመራው መካተቱን ጠይቂ። የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች፣ አብሮም ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን ይታያሉ። የሚቀጥለው ሕክምና የሚወሰነው በእነሱ ነው። የሆርሞን ተቀባዩ ካለ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወሰዳል፤ ከሌለ እሱ አይጠቅምም። እኛ ይህን ሳናውቅ ውጤቱን ይዘን ተቀመጥን። ለካ ያ ምርመራ ለብቻው የሚታዘዝ ኖሯል። ሁለት ወር ባከነብን፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁሉንም ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ኦሪጅናሉን በአንድ ክላሰር አኑሪ፣ ለማንም አታበድሪ።

የጤና መድን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱን ማህተም አረጋግጪ። አዲስ አበባ ማረፊያ ካጣችሁ የማቴዎስ ወንዱ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ድጋፍ ስለሚያደርግ ሄደሽ ጠይቂ።

መልስ — አንድ እናት

ልጄ፣ ቁስሉ ላይ ንጹህ ማር ይቀባ፣ ፌጦም በሎሚ ጥሩ ነው። ሽታ እንዳይነካትም አፍንጫዋን ትሸፍን።

መልስ — ነርሷ

እናቴ፣ በፍቅር እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ግን ይህን እንዳያደርጉ እለምናለሁ። ቁስሉ የተሰፋ ነው፣ ከላዩ ምንም አይፈልግም። ፌጦ ቆዳ ያቃጥላል። ከገበያ የመጣ ማር ለአዲስ ስፌት የሚሆን አይደለም። በዚህ ሰበብ መግል ይዞ የተመለሰ ሰው አክሜያለሁ። ፋሻው ንጹህና ደረቅ ይሁን፣ የሚነካው እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሽታው አይጎዳም፣ ማጠንት ግን ያስላል፤ ሳል ደግሞ ስፌቱን ስለሚያሳምም ቡናው በሌላ ክፍል ቢፈላ ይሻላል።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ከቀዶ ሕክምናው 7ኛ ቀን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ተደረገላት፣ ወጥተናል፣ ለቀጠሮው እንዲቀርበን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነን። ነጠላው ኪስ ተሰፍቷል፤ የለበሰችው የአባቴን ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የወጣውን ዕቃ እንደተባለው ለእኔ ሰጡኝ፣ አስቀድሜ ባላውቅ ኖሮ እደነግጥ ነበር።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ከቱቦው የሚወጣው ትናንት 45 ሚሊ ዛሬ 40 ነው፣ ቀለሙ መጀመሪያ ቀይ ነበር፣ አሁን እንደ ብርዝ ቢጫ ሆኗል፤ ደህና ነው? የክንዷ ውስጠኛው ክፍል ደንዝዞ «የሰው እጅ ነው የሚመስለኝ» ትላለች። ጠያቂ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፣ ትደክማለች ግን «ሂዱ» ማለት ነውር ሆነብኝ።

መልስ — ነርሷ

ቀለሙ እየቀጠነ ከቀይ ወደ ቢጫ መሄዱ የሚፈለገው ነው። ብዙ ሐኪሞች ቱቦውን የሚያወጡት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ከ30 ሚሊ በታች ሲሆንና ሁለት ቀን በተከታታይ እንዲያ ሲቆይ ነው፤ ቀርባችኋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኪ፣ እጅሽን ታጥበሽ፤ የሚጨመቀው ዓይነት ከሆነ ከደፋሽ በኋላ ጨምቀሽ ክደኚው፣ ካልጨመቅሽው አይስብም። ቱቦው ከወጣ በኋላ በብብታቸው ወይም በደረታቸው ውሃ ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ቤት እንዳትወጊው፣ ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል።

መደንዘዙ በብብት የሚያልፈው ነርቭ ስለተነካ ነው። አንዳንዱ በወራት ይመለሳል፣ አንዳንዱ ትንሽ ይቀራል። ስለዚህ ክንዳቸው ላይ ሙቅ ነገር አታድርጊ፣ ቢቃጠሉም አይሰማቸውም።

ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ ከሞቀ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ የሚወጣው በድንገት ደማቅ ደም ሆኖ ከበዛ ቀጠሮ አትጠብቂ። እግር አብጦ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

መልስ — በ2012 የዳንኩት

ስለ ጠያቂ፦ ሐኪሙን ምክንያት አድርጊ። «ሐኪም ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንድትተኛ አዟል» በይ፣ ማንም አይቀየምሽም። በር ላይ ተቀበያቸው። «ጡት ተቆርጣ» እያለ የሚያለቅስ ሰው ካለ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውጪ አስለቅሽው።

ቁስሏን ገና ካላየች አታስቸኩያት። እኔ ያየሁት በ12ኛው ቀን ነው፣ መስታወት ፊት ሳይሆን ወደ ታች አጎንብሼ። መጀመሪያ የታየኝ የስፌቱ መስመር ነበር፣ እንደ ልብስ ዘምዛማ። ልጄ አጠገቤ ነበረች።

መልስ — ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ እዚህ አሜሪካ ነው የታከምኩት፤ ንፍፊቶቼም ወጥተውልኛል። እጇን ዝም ብላ እንዳትይዘው። ሰው በርኅራኄ «እጅሽን አታንቀሳቅሺ» ይላል፣ ትከሻው የሚደርቀው በዚያ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጡጫ መጨበጥና መክፈት፣ ክርን ማጠፍና መዘርጋት፣ ጸጉር ማበጠር። ቱቦው እስኪወጣ ክንዷ ከትከሻ በላይ አይውጣ። ከወጣ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ግድግዳ ፊት ትቁም፣ በጣቶቿ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትውጣ፣ የደረሰችበትን በእርሳስ ምልክት አድርጊ።

ከሳምንታት በኋላ ከብብቷ ወደ ክርኗ እንደ ገመድ የሚወጠር ነገር ብታገኙ አትደንግጡ። ለእኔ ወጥቶ በሽታው የተመለሰ መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። በማፍታታት የሚለቅ ነው፤ ለሐኪም ግን አሳዩት።

ዋናው ደግሞ የእጅ እብጠት ነው። ንፍፊት ከወጣ ፈሳሹ መሄጃ ያጥረዋል፤ እብጠቱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ምልክቱ ቀለበት ሲጠብባት፣ የሸሚዝ እጅጌ ሲይዛት፣ ክንዷ ሲከብዳት ነው። እንጀራ መጋገር ለጊዜው ይቅርባት፤ አክንባሎው ይከብዳል፣ እንፋሎቱም ያቃጥላል። ስትመለስበት ጓንት ታድርግ። ስትከትፍ ከቆረጣትም በሳሙና ታጥባ ትሸፍነው። መርፌና የደም ግፊት ልኬት በቀኝ እጇ ይሁን፣ ራሷ ለነርሶቹ ትንገር። ጠባቡ እጅጌ የሚባለው ማጥበቂያ የሚደረገው ባለሙያ ለክቶ ነው፤ ካስፈለጋት ልኩን ጻፊልኝና ሰው ሲመጣ እልካለሁ።

የደብረ ብርሃን ልጅ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ቱቦው በ11ኛው ቀን ወጣ። አንድ ጊዜ ውሃ ቋጥሮ ተቀዳላት። የሆርሞን ምርመራውን ጠይቄ አሠራሁ፣ ተገኝቶባታል፤ ኬሞው በሚመጣው ማክሰኞ ይጀመራል፣ ጨረርና ኪኒኑ ከዚያ በኋላ ነው ተብለናል። ወንድሜ፣ አንተ ባትነግረኝ ኖሮ ወረቀቱን ይዤ እቀመጥ ነበር።

ግድግዳችን ላይ ስምንት የእርሳስ መስመር አለ። የመጀመሪያው ከደረቷ ትይዩ ነበር፣ የትናንትናው ከመብራት ማብሪያው አልፏል። አክስቴ ናት የምታሰምርላት።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምራለች፣ መስገድ እፈልጋለሁ ትላለች። ጾሙንም ልያዝ ትላለች። ልከልክላት?

መልስ — ነርሷ

ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ጥሩ ነው፣ እግራቸውም ይፍታታል። ስግደቱ ግን መሬት ነክተው ሲነሱ የሰውነታቸው ክብደት በሙሉ በክንዳቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ለአሁን ቆመው አንገታቸውን ዝቅ ያድርጉ፤ የመሬቱን ስግደት ሐኪሙ አይቶ ክብደት መደገፍ ከፈቀደላቸው በኋላ ይቀጥላሉ። 4 እና 5 ኪሎ የሚያህል ነገርም በዚያ እጅ ገና አያንሱ።

ጾሙን አንቺ አትከልክይ፣ የነፍስ አባታቸውን ወደ ቤት ጥሪያቸው። ኬሞ እንደሚጀምሩ፣ ስኳር እንዳለባቸው፣ በሰዓቱ መብላትና እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ እንደሚያስፈልጋቸው ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው ይፈታሉ፤ ከእሳቸው አፍ ሲሰሙት እናትሽም ሳይከብዳቸው ይበላሉ። ከማክሰኞ በፊት ይሁን።

የደብረ ብርሃን ልጅ

ነገ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ።