«የራስ ቅል» ሲባል መንጋጋው ይገባል?

ቀለሟ፦ እስቲ እርዱኝ። ሰላም ስለተባለችው ቅሪተ አካል የተጻፈ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ያቺ በ2000 እ.ኤ.አ. አፋር፣ ዲኪካ የተገኘችው ሕፃን፣ የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ። «የራስ ቅሏ ከነመንጋጋዋ ተገኘ» ይላል። «ከነ» ለምን አስፈለገ? መንጋጋው ከቅሉ አይቆጠርም እንዴ?

ዘጎንጅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቅልን እንፍታ። ቅል ከ«ቀለለ» ነው። ሲደርቅ ይቀላል፣ ውስጡም ባዶ ይሆናል። ራስም ሥጋው ሲረግፍ እንደዚያው ነው።

አጥንት ቆጣሪ፦ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፁ ስለተመሳሰለ ሥሩ አንድ ነው አይባልም። ለእኔ ነገሩ ቅርፁ ነው። እናቴ ወተት የምትንጥበትን ቅል ብትገለብጡት አፉ ከሥር ይሆናል። የእኛም ራስ ቅል አከርካሪው የሚገባበት ቀዳዳ ከሥሩ ነው፤ ቆመን ስለምንሄድ ራሳችን አንገታችን ላይ ይቀመጣል። የቺምፓንዚው ቀዳዳ ወደ ኋላ ይሸሻል። በድንቅነሽ ወገኖች ግን ወደ መሐል ቀረብ ብሏል።

ዘጎንጅ፦ ቅርፁን ተቀብያለሁ። ግን ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት የተቀመጠ ሰው እያለ ቀራንዮን እንዴት ትዘሉታላችሁ? ከግሪኩ «ክራንዮን» የመጣ ነው፣ ራስ ቅል ማለት። ሐኪሞች ክራኒየም የሚሉት እሱኑ ነው። ማቴዎስም ጎልጎታን «የራስ ቅል ስፍራ» ብሎ ፈቶታል።

የምንጃሯ፦ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚባለው ለሰላም ነው! ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የጠጠረውን አሸዋ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ስንት ዓመት ሙሉ ቅንጣት በቅንጣት አነሳላት። እኔ ይህን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።

ቀለሟ፦ ደስ ይላል። መንጋጋውስ?

አጥንት ቆጣሪ፦ በእኛ ትምህርት ክራኒየም የታችኛውን መንጋጋ አይጨምርም። መንጋጋው የተያዘው በጅማትና በጡንቻ ነው፤ ሥጋው ሲበሰብስ ይለያያሉ። አብረው መገኘታቸው ትልቅ ነገር ነው። «ከነ»ን እንዳትነኪው።

ዘጎንጅ፦ እሱ የሐኪም ፍቺ ነው። በአማርኛ ቅል ሲባል መላው ነው። በሥዕለ ስቅለት ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል አለ አይደል?

አጥንት ቆጣሪ፦ መንጋጋ አለው?

ዘጎንጅ፦ እሑድ ስስም አየዋለሁ።

የምንጃሯ፦ የእኛ ደብር ሥዕል ላይ የላይ ጥርሱ ብቻ ነው ያለው።

ዘጎንጅ፦ የእናንተ የቅርብ ጊዜ ሥዕል ይሆናል።